የቁም ምሳ

የቁም ምሳ ከመንገድ ዳር ሻጭ ተገዝቶ፣ ወንበር ሳይሳብ፣ ብዙ ጊዜም የታጠበው እጅ ሳይደርቅ የሚበላ ምሳ ነው። በአዲስ አበባ የማይበላበት ሰፈር የለም፤ በተክለ ሃይማኖት ግን በላተኛውም ምክንያቱም ይበዛሉ። ሰፈሩ ከመርካቶ መግቢያዎች አንዱ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫውን ይዘረጋል፤ የታክሲ ረዳቶች «ተክልዬ፣ ተክልዬ» እያሉ ሰው ያራግፋሉ፣ ይጭናሉ። በመሀሉ ወዛደሩ፣ ደላላው፣ እጁ በግራሶ የጠቆረው የጋራዥ ልጅ፣ ዕቃ ሊያስጭን ከክፍለ ሀገር የመጣው ነጋዴ ይርመሰመሳል። ከእነዚህ ውስጥ ለምሳ ቤቱ የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል። የሚሞክር ቢኖርም ታክሲ ሲጠብቅ ምሳው መክሰስ ይሆንበታል።

የሰፈሩ ስም ከተክለ ሃይማኖት ደብር የመጣ ነው። ገድላቸው እንደሚለው ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከቁም ጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው ቢሰበር በቀረው እግራቸው ቆመው ጸሎታቸውን የቀጠሉ አባት ናቸው፤ ጥር 24 ቀን «ስባረ አጽም» ተብሎ የሚታሰበው ይኸው ነው። በሁለት ጤነኛ እግሩ ቆሞ ምሳውን የሚበላ ሰው ስለ ጉልበቱ ሊያማርርባቸው ከማይገቡ ሰፈሮች አንዱ እንግዲህ ይህ ነው። በየወሩ በ24 ሳሚው ሲበዛ የምሳ ሻጩም ይበዛል። በተለይ ነሐሴ 24 የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ከስምንት ቀን በኋላ ስለሚውል፣ ለሁለት ሳምንት ከገበያ የራቀው እንቁላል በሙሉ ክብሩ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሰው በአደባባይ ለማላመጥ የበቃው በአንድ ቀን አይደለም። በአገሩ ልማድ መብላት የጓዳ ጉዳይ ነበር። መኳንንቱ ሲመገቡ ሸማ ይጋረድላቸው ነበር፤ ለክብርም ነው፣ ለቡዳም ነው። ምግብን በገንዘብ መግዛት ደግሞ ዘመድ የሌለው ሰው ሥራ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሆቴል ሲያስከፍቱ ምግቡ ተሠርቶ የሚበላው ሰው ጠፋ ይባላል። አፄ ምኒልክ መኳንንታቸውን አስከትለው ሄደው፣ በልተውና ሒሳብ ከፍለው ነው ነገሩ ነውር አለመሆኑን ያሳዩት ተብሎ ይነገራል። ሆቴሉ ዛሬም ፒያሳ ላይ አለ፤ ከተክለ ሃይማኖት በእግር ይደረሳል። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው ለማብላት ያን ያህል ከደከሙ፣ መንገድ ዳር አቁመው ለማብላትማ ሌላ ዘመቻ ባስፈለጋቸው ነበር።

የቆመውን ያበላው መርካቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገና አሁን ያለበትን ሰፈር ያዘ። ገበያው እየሰፋ ሲሄድ ሱቅ ዘግቶ ለምሳ መውጣት ኪሳራ ሆነ፤ ሰው ወደ ምግቡ መሄዱን ትቶ ምግቡ ወደ ሰው ይመጣ ጀመር። በሳፋ መጣ፣ በባልዲ መጣ፣ በጀበና መጣ። ቡዳውን ግን ማንም አልሻረውም፤ መከላከያው ብቻ ነው የተለወጠው። በተክለ ሃይማኖት ልምድ ያለው በላተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ መንገድ ሰጥቶ ነው የሚበላው። ጀርባው እንደ ሸማው ይጋርድለታል። ችግሩ ግድግዳው ብዙ ጊዜ የሱቅ መስኮት መሆኑ ነው። ለሩብ ሰዓት በተመስጦ ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ ሲመለከት የቆየውን ሰው ባለሱቁ ወጥቶ «ምን ላሳይዎት?» ይለዋል፤ ሰውዬው ደግሞ አፉ ሙሉ ስለሆነ ሊመልስለት አይችልም። መኪና የሌለው ሰው የፍሬን ሸራ ዋጋ የሚያውቀው በዚህ መንገድ ነው።

ከቁም ምሳዎች ሁሉ ዋናው እርጥብ ነው። አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። ድንቹ ይላጣል፣ በቁመቱ ይከተፋል፣ በጥልቅ ዘይት ይጠበሳል። ዳቦው በጎኑ ይሰነጠቅና ችብሱ ይጠቀጠቅበታል፤ በላዩ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይነሰነሳል፤ ከዚያ ዳጣ ወይም ካቻፕ ወይም ሁለቱም ይፈስበታል። የፍስክ ቀን ከሆነ እንቁላል ይገባል። ዳቦ ውስጥ ድንች መጨመር የሥነ ምግብ ባለሙያን ያሳዝናል፤ ኃይል ሰጪ በኃይል ሰጪ ላይ መደረብ ነውና። ወዛደሩ ግን ምሳውን የሚመዝነው በሌላ ሚዛን ነው። አንድ ኩንታል ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣ ሰው የሚፈልገው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የማይከዳ ምግብ ነው፤ እርጥብም እንደማይከዳ በብዙ ጀርባ ተረጋግጧል።

የእርጥብ ሻጭ ችሎታ የሚታየው ችብሱ ላይ አይደለም፤ ድንች መጥበስ ለማንም አያቅትም። የሚታየው ዳቦውን ሲሰነጥቅ ነው። ቢላዋው አንድ ጣት አልፎ ከሄደ ዳቦው ለሁለት ይከፈላል፣ ካቻፑ በበላተኛው ክንድ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ይገባል። አንድ ጣት ከጎደለ ደግሞ ድንቹ ሁሉ ጫፍ ላይ ይከማችና የመጨረሻዎቹ ሦስት ንክሻዎች ባዶ ዳቦ ይሆናሉ። ጎበዝ የተባለው ሻጭ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰነጥቃል፤ ሲሰነጥቅም ዳቦውን አያይም፤ የሚያየው የሚነጋገረውን ቀጣዩን ደንበኛ ነው። በላተኛውም የራሱ ሙያ አለበት፦ ወገቡን ከፊት አጠፍ፣ ክርኑን ከጎኑ ራቅ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ መቆም። ይህን አቋም የማያውቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ሸሚዙ ላይ ባለው ቀይ ነጠብጣብ ይለያል። ክራባት ያሰረ ሰው ክራባቱን ወደ ትከሻው ይወረውራል። በሰፈሩ ይህን የሚያደርግ ሰው የባንክ ሠራተኛ ነው ተብሎ ይገመታል።

ሁለተኛው ሳምቡሳ ነው። በስሱ የተዳመጠ ሊጥ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ፣ ምስርና ሽንኩርት ከቃሪያ ጋር ተሞልቶ፣ በዘይት ይጠበሳል። ስለ ሳምቡሳ የሚደነቀው ነገር የሃይማኖት ጠብ የሌለው መሆኑ ነው። ምስር ስለሆነ ለረቡዕና ለዓርብ፣ ለዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ይሆናል፤ በረመዳን ደግሞ ያለ ሳምቡሳ ማፍጠር በመርካቶ የማይታሰብ ነው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በጥቂት ቀናት ልዩነት ተከታትለው ገቡ። በዚያ ጊዜ የአንዱ ጿሚ ምሳ፣ የሌላው ማፍጠሪያ ከአንድ መጥበሻ ወጣ። እርግጥ ነው፣ ረመዳን ለምሳ ሻጭ ቀን ቀን ክፉ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ግማሹ ደንበኛ የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ግን በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ያለው የሳምቡሳ ክምር ቀኑን ሙሉ ያልተሸጠውን ያካክሰዋል። የኦርቶዶክሱ ጿሚም ቢሆን በደንቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አለበት፤ ጫኝና አውራጅ ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ይሁን ከራሱ ጋር ባይታወቅም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ውስጥ ይታያል።

ሦስተኛው እንጀራ ነው፤ በእውነቱ ምሳ መባል የሚገባውም እሱ ነው። ሴትዮዋ እንጀራውን በሳፋ፣ ወጡን ክዳን ባላቸው ባልዲዎች ይዛ ትመጣለች፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፣ አንዳንዴም ፓስታ። ፓስታ በእንጀራ ላይ ሲፈስ ያየ ጣሊያናዊ ቢኖር የሚሰማውን መገመት አያዳግትም፤ ገበያውን ያዛወሩት የእሱ አያቶች ስለሆኑ ግን ቅሬታውን የሚሰማለት የለም። እንጀራው ድሮ ጤፍ ነበር፤ አሁን ጤፉ ከሩዝና ከማሽላ ጋር በጉርብትና ይኖራል። በላተኛው ትሪውን ጉልበቱ ላይ ወይም የተገለበጠ ሣጥን ላይ ያስቀምጣል። እንግዲህ «የቁም» የተባለው ምሳ እዚህ ላይ ቁጢጥ ይላል፤ ስያሜውን ለማስተካከል ማንም አልተቸገረም።

በዚህ ምሳ ውስጥ ከፍተኛ ብልሃት የሚጠይቀው የወጥና የእንጀራ ሒሳብ ነው። እንጀራ ሲጨመር ያስከፍላል፤ ወጥ ግን በልመና ይገኛል። ስለዚህ ብልህ በላተኛ እንጀራው ሳያልቅ ወጡን ይጨርስና «ማዘር፣ ትንሽ ጠብ አድርጊልኝ» ይላል። እሷም «እሺ የኔ ጌታ» ብላ ታፈስለታለች። አሁን ወጡ በዛ፣ እንጀራው አነሰ። ወጥ በጣት አይበላምና እንጀራ ያስጨምራል፤ ይከፍላል። እንጀራው ሲጨመር ደግሞ ወጡ ያንሳል። ይህ ዙር የት እንደሚቆም የምታውቀው ሻጯ ብቻ ናት፤ ሁለተኛውን ጭልፋ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጋ የጨለፈችው በቸርነት ብቻ እንዳልሆነ ደንበኛው የሚገባው ሒሳብ ሲጠየቅ ነው።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ፓስቲና ብስኩት፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ በክረምት ደግሞ በቢላዋ ተልጦ የሚጎረስ በለስ አለ። በቆሎና በለስ ምሳ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ክርክር በኪስ ውፍረት የሚወሰን ስለሆነ እዚህ አይገባበትም። ከሁሉ በታች ያለውን ግን ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ቡሌ የሚባለው ከሆቴል ተርፎ የተሰበሰበ ምግብ ነው፤ በመርካቶ ውስጥ ለውስጥ ይሸጣል፣ አንዳንድ ቦታም በጉርሻ ተቆጥሮ ነው የሚሸጠው። ፍቅር መግለጫ የነበረው ጉርሻ የዋጋ መለኪያ የሆነበት ገበያ ላይ ቀልድ አይበረክትም።

ጎበዝ ሻጭ እንዴት ይመረጣል? ምልክቱ ሰልፉ ነው፤ ግን ማን እንደተሰለፈ ማየት ያስፈልጋል። የታክሲ ሾፌሮች የተሰለፉበት ምግብ ፈጥኖ የሚወጣ ነው፤ ወዛደሮች የተሰለፉበት የሚያጠግብ ነው፤ የአካባቢው ባለሱቆች ልጅ ልከው የሚያስመጡበት ደግሞ የማያሳምም ነው፤ እነሱ ነገም እዚያው ናቸውና። ሦስቱም የሚገኙበት ሻጭ ዘንድ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። በሰልፉ ላይ «አንድ በዳጣ!»፣ «ሁለት፣ አንዱ ካቻፕ ብቻ!» የሚል ትእዛዝ ከኋላ ይወረወራል፤ ሻጩ አይጽፍም፣ አይደግምም፣ አይሳሳትም። በመካከሉ ሸክም የያዘ ወዛደር «ዞር በሉ!» እያለ ሲመጣ ሰልፉ ለሁለት ተሰንጥቆ መልሶ ይገጥማል። ሲገጥም ሁልጊዜ ከቀድሞው አንድ ሰው የበለጠ ይሆናል፤ ያ ሰው ከየት እንደገባ ተጠይቆ አያውቅም።

የተገዛው ምግብ በወረቀት ይጠቀለላል። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ያለቀ የተማሪ ደብተር ነው፣ አለዚያም ጋዜጣ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን በዚህ መንገድ ያገኘው አንባቢ ከተመዝጋቢ ደንበኞቹ ሳይበልጥ አይቀርም። ደብተሩ የበለጠ ያዝናናል። በላተኛው ሳምቡሳውን ጨርሶ ወረቀቱን ሲዘረጋ የአንድ ያልታወቀ ልጅ የክፍልፋይ ሒሳብ ያገኛል፤ ሦስቱ ልክ፣ ሰባቱ ስሕተት፣ ከሥር በቀይ «ወላጅህን አምጣ»። ምንም የማያገባው ሰው በልጁ ያዝናል፣ ስሕተቱን ያርማል፣ አንዳንዱም መምህሩ ራሱ እንደተሳሳተ ይደርስበታል። ሐኪሞች የሕትመት ቀለም ከትኩስ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ምግብ ስለሚገባ ጥሩ አይደለም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

የጤናው ነገር ከተነሣ፣ የቁም ምሳ ያለ ጥፋቱም ይከሰሳል። እሑድ ማታ ሆዱን የቆረጠው ሰው እሑድ ቀን የበላውን እርጥብ «ታይፎይድ ሰጠኝ» ይላል። የታይፎይድ ተሕዋስ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሕመሙ እስኪጀምር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የተወነጀለው ሻጭ ነጻ ነው፣ ጥፋተኛው ካለም ያለፈው ሳምንት ነው። የተጠበሰው ድንች ራሱ ከሁሉ የሚታመን ነው፤ ከ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ዘይት ውስጥ ተቀምጦ በሕይወት የሚወጣ ተሕዋስ እምብዛም የለም። መፈራት ያለበት ጥሬው ቲማቲምና ሽንኩርት፣ የታጠቡበት ውኃና የሻጩ እጅ ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ እጁ ላይ ፌስታል ያጠልቃል፤ ደንበኛውም ደስ ይለዋል። ከዚያ በዚያው ፌስታል ብሩን ተቀብሎ፣ መልሱን ቆጥሮ፣ ወደ ዳቦው ይመለሳል። ለበላተኛው መታጠቢያ ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰቀላል፤ ይህ በእውነት ጥሩ ፈጠራ ነው፣ በጠብታ ውኃ አሥር ሰው ያስታጥባል። ሚጥሚጣ ተሕዋስ ይገድላል የሚለውን እምነት ግን ሐኪም ሲያጸድቀው አልተሰማም፤ ሚጥሚጣ የሚያደርገው ሌላውን ጣዕም ሁሉ ከምርመራ ውጪ ማድረግ ነው።

ስለ ዋጋው ቁጥር መጻፍ አያዋጣም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ዱቄቱም ተወደደ። የመንገድ ዳር ሻጭ ግን ዋጋ መጨመር ይከብደዋል፤ ደንበኛው በእጁ የጨበጠውን ብር ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብሩ እንዳለ ሆኖ ምግቡ ይቀንሳል። ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘኑን እንደያዘ ነው፤ ምስሩ ግን ከማዕዘኖቹ ወደ መሀል ተሰብስቧል። እርጥብ ውስጥ ያለው ችብስ በዓይን እስከ መቆጠር ደርሷል፤ የሚቆጥርም ደንበኛ አለ።

ሁሉም ተዘጋጅቶ እየተበላ ሳለ ከመንገዱ ጫፍ «ደንብ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ደንብ አስከባሪዎች መጡ ማለት ነው። የመንገድ ዳር ኩሽና አሠራር በሙሉ ለዚህ ቅጽበት የታሰበ ነው፦ ባልዲው እጀታ አለው፣ ሳፋው በአንድ ክንድ ይታቀፋል፣ ጠረጴዛው ሣጥን ነው። መሮጥ የማይችለው የፈላ ዘይት ብቻ ስለሆነ እሱ ከግቢ በር ውስጥ ይቀመጥና ሻጩ ከውጭ ይቆማል። ሻጭ ሲሸሽ ያልከፈለ በላተኛ ይጠቀማል ብሎ የሚያስብ ይኖራል። በተክለ ሃይማኖት እንዲህ አይደለም፤ በላተኛው ትሪውን እንደያዘ አብሮ ይሸሻል፣ ሲረጋጋ ተመልሶ ይከፍላል። የገረመው መንገደኛ ሦስት ጎልማሶች ጉርሻ በአፋቸው ይዘው ከአንዲት ባለ ባልዲ ሴት ኋላ ሲሮጡ ያያል። ሲንጋፖር ይህን ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ ለመንገድ ዳር ምግብ ሻጮቿ ውኃና መብራት ያለው ቋሚ አዳራሽ ሠርታ አስቀረችው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ ያንኑ የአመጋገብ ባህል በቅርስነት መዘገበው። እዚህም ሻጭን ከማባረር ቧንቧ መስጠት የሚቀል ይመስላል።

ከባዱ ጉዳይ «እንብላ» ነው። የሚበላ ሰው የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ «እንብላ» ማለት ግዴታው ነው፤ ያለፈውም ከጠዋት ጀምሮ እህል ባይቀምስ እንኳ «ብላ፣ አሁን በላሁ» ማለት ግዴታው ነው። ትሪ ላይ ይህ ውል ያለ እንከን ይሠራል፤ ግብዣው የምር ቢያዝም አንድ እጅ መጨመር ብቻ ነው። እርጥብ ግን ለአንድ አፍ የተሠራ ነው። ግማሹ የተነከሰ ዳቦ ይዞ «እንብላ» የሚል ሰው ምን እያቀረበ ነው? ዝም ቢል ደግሞ ለብቻው የሚበላ ስስታም ይባላል። ሰፈሩ ለዚህ ሦስት መፍትሔ አግኝቷል። አንደኛው ካልተነከሰው ጫፍ መቁረስ ነው፤ ካቻፑ በሁለት በኩል መፍሰስ ይጀምራል። ሁለተኛው ችብስ ነቅሎ ማጉረስ ነው፤ አንዷ እንጨት የመሰለች ድንች ተይዛ «በሞቴ» ይባላል፣ ተቀባዩም አገጩን አስግጎ ይጎርሳል። ሦስተኛው ወደ ሻጩ ዞሮ «አንድ ጨምርለት» ማለት ነው። ይህ እጅግ የሚያስከብር ሲሆን፣ ወር ሲጋመስ ፊትን ወደ ግድግዳው አዙሮ መብላት የሚበዛውም በእሱ ምክንያት ነው።

ከምግቡ በኋላ ረከቦት ዘርግታ ጀበና ከጣደችው ልጅ ዘንድ ቡና ይጠጣል፤ በርጩማ የሚገኘው እዚህ ነው፣ ስለዚህ በላተኛው የሚያርፈው ምሳው ካለቀ በኋላ ነው። ክፍያው ላይ ትልቅ ሆቴል ያለው ግብግብ ሁሉ አለ፦ «እኔ ነኝ!»፣ «ሞቼ ነው!»፣ እጅ መያዝ፣ ኪስ ውስጥ መጣላት፣ ለሻጩ «ከሱ እንዳትቀበል» ብሎ ማስፈራራት። ሻጩ መልስ ከሌለው ማስቲካ ይሰጥ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ማስቲካው ቀንሷል፤ ስልክ ቁጥሩ ካርቶን ላይ ተጽፎ ይሰቀላል፣ ሲላክለት የሚወጣው ስም የሻጩ ሳይሆን የእኅቱ ወይም የአጎቱ ነው፤ «አዎ እሱ ነው፣ ላከው» ይላል። ግብግቡም መልኩን ለወጠ። ሁለቱ ጓደኛሞች ስልካቸውን አውጥተው እኩል ይጀምራሉ፤ የአንዱ ኔትወርክ ይሄድበታል፣ ያኛው ይከፍላል፤ ኔትወርክ የሄደበት ሰው የነገው የእሱ እንደሆነ ምሎ፣ አፉን በደብተሩ ወረቀት ጠርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል።